ራውተሩ ለምን ልክ ይስታል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሲኤንሲ ራውተር፣ በኮምፒውተር ስለሚታዘዘው መቁረጫና መቅረጫ ማሽን ናቸው። በር የሚቀርጸውም፣ ቁም ሳጥን የሚሠራውም፣ የሱቅ ታፔላ የሚቆርጠውም ቅሬታው አንድ ነው፦ ማሽኑ የታዘዘበት ቦታ ላይ አይደለም የቆረጠው። አራቱን መርጫለሁ፤ ሦስቱ ከድሬዳዋ፣ አንዷ ከሐረር።

ወደ ጥያቄዎቹ ሳልገባ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማሽኑ ልክ ሲስት እጃችን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኮምፒውተሩ ነው። ቁጥር እንቀይራለን፣ አልሆነም፣ ሌላ እንቀይራለን፣ ማታ ላይ የመጀመሪያው ቁጥር ስንት እንደነበር እንኳን ጠፍቶብን ቤት እንገባለን። እባካችሁ መጀመሪያ ስህተቱን ለኩት። ሥራው በረዘመ ቁጥር ያድጋል? የሚቆረጠው ነገር ትልቅ ሲሆን ያድጋል? ከግራ ሲመጣና ከቀኝ ሲመጣ ይለያያል? ወይስ ትንሽም ቁረጡ ትልቅም ያው ነው? ይህን ካወቃችሁ የቱን ብሎን መፍታት እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ አቦ ሰላም ነው? ወርክሾፔ ሳቢያን ነው። ማሽኔ 1.2 በ1.2 ሜትር ይቆርጣል፣ በቦልስክሩ፣ ሞተር በሚያዞረው ረጅም ብሎን ነው የሚሄደው። በር ላይ አበባ ስቀርጽ ጠዋት የሚወጣው ልክ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ወላሂ ያስለቅሰኛል። ቀስ በቀስ በዋይ፣ ማለትም በቁመቱ በኩል እየሸሸ ይሄድና የመጨረሻው ረድፍ ላይ 4 ሚሊሜትር ይደርሳል። ኤክስ፣ ማለትም ወርዱ፣ ምንም አይልም። አንድ ባለሙያ «የድሬ ሙቀት ብረቱን እየለጠጠው ነው» አለኝ። ኤሲ ልግዛ ወይ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኤሲውን ለጊዜው ተወው። ብረት በሙቀት ይለጠጣል፣ እሱ እውነት ነው። ግን በስንት? 1 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የሚረዝመው ወደ 0.012 ሚሊሜትር ነው። በጠዋትና በከሰዓት መካከል 15 ዲግሪ ልዩነት አለ ብንል፣ 1.2 ሜትር ብሎንህ የሚረዝመው 0.2 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። አሉሚኒየሙም ቢሆን እጥፉን ነው የሚለጠጠው፣ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም። ታዲያ 4 ሚሊሜትር ከየት ይመጣል? ደግሞ ሙቀቱ ኤክስንም ዋይንም እኩል ነው የሚያገኘው። አንተ ጋ የሸሸው ዋይ ብቻ ነው።

የአንተ ስህተት እየተጠራቀመ የሚሄድ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ስህተት ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንድም ሞተሩ የታዘዘውን ያህል አልዞረም። አንድም ሞተሩ ዞሮ፣ ከብሎኑ ጋር የሚያገናኘው ካፕሊንግ ተንሸራቷል። አንድም ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ጣውላው ራሱ ከሞርሳው ሥር እየተሳበ ነው። የሦስቱ መድኃኒት ለየቅል ስለሆነ ሳትለይ ምንም አትንካ።

መለያው ማርከር ነው። ማሽኑን ዜሮ ላይ አቁመው። ከሞተሩ ዘንግ ጀምረህ ካፕሊንጉን አልፈህ እስከ ብሎኑ ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምር። ከዚያ ካፕሊንጉ ላይ ካለው መስመር ትይዩ፣ የማይንቀሳቀሰው አካል ላይ ሌላ ምልክት አድርግ። ያንን የሚያስለቅስህን ሥራ አሠራውና ሲጨርስ ዜሮ እንዲመለስ እዘዘው። አሁን እይ። ዘንጉና ካፕሊንጉ ላይ ያለው መስመር ከተቆራረጠ ካፕሊንጉ ተንሸራቷል፤ ትንንሾቹን ብሎኖች አጥብቅ፣ ዘንጉ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ካለው አንዷ ብሎን እዚያ ላይ ትረፍ። መስመሩ ሳይቆራረጥ ከአካሉ ምልክት ጋር ግን ካልገጠመ ሞተሩ እርምጃ ጠፍቶበታል ማለት ነው። የብሎንህ አንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ከሆነ 4 ሚሊሜትር ማለት አንድ ዙር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፣ ስለዚህ በዓይንህ በግልጽ ታየዋለህ። ሁሉም ገጥሞ ሥራው ብቻ ከተበላሸ ደግሞ ጣውላህን በደንብ እሰር፣ ዳዶውን የያዘው ቤትም ላልቶ እንደሆነ ነቅንቀህ እይ።

እኔ ግምቴ እርምጃ መጥፋቱ ላይ ነው። ተራ ስቴፐር ሞተር፣ በትንንሽ እርምጃ የሚዞረው፣ የት እንደደረሰ አያውቅም። ኮንትሮለሩ (ትእዛዝ የሚልከው ቦርድ) 1600 ምት ከላከ አንድ ዙር ዞረ ብሎ ይመዘግባል፤ ሞተሩ መሃል ላይ ተይዞ 32 ምት ቢዘል ማንም አይነግረውም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ያንን ስህተት ተሸክሞ ይቀጥላል። ኢንኮደር፣ ዙሩን የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ሞተር ቢሆን ራሱ አውቆ ያርም ነበር፣ ካልቻለም አላርም ሰጥቶ ይቆማል።

ለምን ዋይ ብቻ? ዋይ ድልድዩን (በጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን አካል)፣ ስፒንድሉን (ቢቱን የሚያዞረውን ሞተር)፣ ዜዱን (ወደላይና ወደታች የሚሄደውን ክፍል) ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚሮጠው። ኤክስ የሚሸከመው ከዚያ ትንሹን ነው። ስለዚህ ጉልበት ሲያጥር መጀመሪያ የሚወድቀው ዋይ ነው። አክስለሬሽኑን፣ ማሽኑ ፍጥነት የሚይዝበትን መጠን፣ በግማሽ ቀንሰው፤ 500 ከሆነ 250 አድርገህ ያንኑ ሥራ ድገም። ባዶ የሚሮጥበትን ፍጥነትም ቀንስ፣ ምክንያቱም ስቴፐር በፈጠነ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል። ሥራው ትንሽ ደቂቃ ይረዝምብሃል፣ ግን አንድ የተበላሸ የዋንዛ በር ስንት ሰዓት እንደሚበላ አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቃለህ።

ለምን ከሰዓት? እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መልሼ ልጠይቅህ። ጠዋት የምትሠራው አጭር ሥራ፣ ከሰዓት የምትሠራው ረጅም ሥራ ቢሆንስ? ነገ ረጅሙን ሥራ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምረው። ጠዋትም ከሸሸ ጉዳዩ ከፀሐይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ጠዋት ልክ ከሆነ ግን የድራይቨሮቹን፣ ሞተሮቹን በኃይል የሚነዱትን ክፍሎች፣ ሳጥን ክፈት። እኔ ያየኋቸው ብዙ ሳጥኖች ፋናቸው በሰጋቱራ ተደፍኖ ነው የሚውሉት። በእኛ ከተማ ሙቀት የታፈነ ሳጥን ውስጥ ያለ ድራይቨር ሲግል ራሱን ለማዳን ያቋርጣል፣ ሞተሩም በዚያች ቅጽበት ይለቃል። እግረ መንገድህን በመልቲሜትር የፓወር ሰፕላዩን ቮልት ማሽኑ እየሠራ ለካ። ሰፕላዩ ላይ ከተጻፈው፣ ለምሳሌ ከ48 ቮልት፣ ወርዶ ወርዶ የሚዋዥቅ ከሆነ መብራቱ ከሰዓት እየደከመብህ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲነካ ያቃጥላል ብለህ ግን አትደንግጥ፤ ብዙ ስቴፐሮች አካላቸው እስከ 80 ዲግሪ ቢግል ይችሉታል። ከረንቱንም ሞተሩ ላይ ከተጻፈው በላይ አታድርገው።

ብሎኑንም እየው። ግራሶና ሰጋቱራ ተቀላቅለው ሊጥ ይሆናሉ። ፓወሩን አጥፍተህ ብሎኑን በእጅህ አዙረው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አንድ ቦታ ላይ ከበደህ? እዚያ ነው እርምጃው የሚጠፋው።

አንድ የመጨረሻ ፍተሻ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ቢቱን ከእንጨቱ በላይ አንሳና ሥራውን በአየር ላይ አሠራው፣ አንዴ ስፒንድሉ ጠፍቶ፣ አንዴ በርቶ። ስፒንድሉ ጠፍቶ ልክ ሆኖ፣ ሲበራ ብቻ ከሳተ ጥፋተኛው የስፒንድሉ ኢንቨርተር፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ ነው። ኬብሉ ከሞተሮቹ የምልክት ሽቦ ጋር አንድ ላይ ታስሮ ከሆነ ረብሻውን ያጋባበታል። ለያያቸው፣ ሺልድ ያለው ኬብል አድርግ፣ ግራውንዱንም አስተካክል። በአየር ላይ ሁለቱም ልክ ሆነው እንጨት ሲነካ ብቻ ከሳተ ደግሞ ቢቱ ደንዟል ወይም በአንዴ ብዙ ጥልቀት እየወሰድክ ነው። ስፒንድሉ ጠፍቶ፣ በዝግታ እየሄደም ከሳተስ? ሥራህ አበባ ነው፣ አበባ ማለት በሺዎች የሚቆጠር መመላለስ ነው። የኮንትሮለሩና የድራይቨሩ የምልክት አቅጣጫ ካልተስማማ በየምልልሱ 1 ምት ይጠፋል። በአንተ ማሽን 1 ምት 0.003 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ምንም አይመስልም፣ ግን 1300 ጊዜ ሲመላለስ 4 ሚሊሜትርህ ሞላ። ይሄኛው በአንድ ሴቲንግ ይድናል፤ የስቴፕ ምልክቱን ገልብጠው።

ጥያቄ፦ ከሐረር ነው የምጽፍልህ። ጀጎል ውስጥ ትንንሽ የጌጣጌጥ ሳጥኖች እሠራለሁ፣ ክዳናቸው ላይ ክብ እቆርጣለሁ። ክቡ ክብ አይሆንም! አራት ቦታ ላይ፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ትንሽ ጠፍጣፋ ወይም እንደ ጥርስ ያለ ነገር አለው። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው። ሥራዬን በአሸዋ ወረቀት እያስተካከልኩ ደከመኝ። ማሽኔ ትንሽ ነው፣ በነሐስ ዳዶ ነው የሚሄደው።

መልስ፦ እህቴ፣ የገለጽሽበት መንገድ ራሱ መልሱን ይዟል። ክብ ሲቆረጥ እነዚያ አራት ቦታዎች ላይ አንደኛው አቅጣጫ ቆሞ ወደኋላ ይዞራል። ዳዶውና ብሎኑ መሃል ክፍተት ካለ፣ ብሎኑ መዞር ሲጀምር ማሽኑ ወዲያው አይከተልም፣ መጀመሪያ ክፍተቱን ይሞላል። ባክላሽ የሚሉት ይሄን ነው። ጠፍጣፋዋ የዚያች መዘግየት አሻራ ናት።

ይህን ነገር መጀመሪያ ያስተማረኝ አጎቴ ነው። ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጥገና ቤት ውስጥ ቶርኖ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ሲኤንሲ የሚባል አላየም። ቶርኖው ላይ እጀታውን ሲያዞር ከልኩ ካለፈ እዚያው አይመልሰውም ነበር፤ በደንብ ወደኋላ ይወስደውና እንደገና ከመጀመሪያው ወገን ያመጣዋል። ለምን ስለው «ልጄ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ቅረበው፣ ያኔ አይዋሽህም» አለኝ። በእጅ ስትሠሪ እንዲህ ታመልጪያለሽ። ክብ ስትቆርጪ ግን ማሽኑ ከሁለቱም ወገን መምጣቱ ግድ ነው።

መጀመሪያ ክፍተቱን ለኪው። ዳያል ጌጅ፣ ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳየው መለኪያ፣ ካለሽ ጥሩ። ከሌለሽ እንጨት ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፊና ሹል ቢት ግጠሚ። ከግራ መጥቶ 50 ላይ እንዲቆምና አጭር መስመር እንዲጭር እዘዢው። ቀጥሎ ወደ 70 ይሂድ፣ ከቀኝ ተመልሶ እዚያው 50 ላይ ይቁም፣ ከመጀመሪያው መስመር ሥር ሌላ ይጫር። ሁለቱ ከገጠሙ ደህና ነሽ። ካልገጠሙ በመካከላቸው ያለው ርቀት ባክላሽሽ ነው። ለዋይም እንዲሁ አድርጊ።

ዳዶ ከመግዛትሽ በፊት ብሎኑን በእጅሽ ይዘሽ ወደ ጫፉ ግፊው፣ ሳቢው። ከነኩሽኔታው ወዲያ ወዲህ ካለ ችግሩ ዳዶው አይደለም፣ የብሎኑ ጫፍ አልታሰረም፤ ማጥበቅ ብቻ ይበቃዋል። ብሎኑ ጸንቶ ዳዶው ብቻ ከተላወሰ ነሐሱ አልቋል። በስፕሪንግ የሚገፋ፣ ባክላሽ የሚቀንስ ዳዶ አለ፣ እሱን ቀይሪ።

ሶፍትዌር ያስተካክለዋል የሚሉሽ ይኖራሉ። ማክ 3 እና ጂአርቢኤል ማሽኑን የሚያዙ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ማክ 3 ላይ የባክላሽ ማካካሻ አለ፣ ጂአርቢኤል ላይ በተፈጥሮው የለም። ቢኖርም በእሱ ብቻ አትተማመኚ። ማካካሻው ባዶ ሲሄድ ይሠራል፤ ቢቱ እንጨት ሲነካ ግን እንጨቱ ራሱ ማሽኑን በዚያች ክፍተት ውስጥ ይገፋዋል ይስበዋል፣ ያንን ሶፍትዌሩ አያየውም። ዳዶው እስኪመጣ ድረስ የቆረጣውን አቅጣጫ ቀይሪ። ክላይምብ የሚባለው፣ የቢቱ ጥርስ እንጨቱን ወደ ራሱ እየሳበ የሚቆርጥበት ቆረጣ፣ ማሽኑን ወደፊት ስለሚስበው ክፍተቱን ያባብሳል። ተቃራኒውን፣ ኮንቬንሽናሉን ምረጪ፣ ወይም ትንሽ አትርፈሽ ቁረጪና መጨረሻ ላይ ስስ አድርገሽ አንድ ዙር ድገሚው። የአሸዋ ወረቀቱ ሥራ ይቀንስልሻል።

ጥያቄ፦ መገላ ነኝ። ቺንጋ ያለው ማሽን ነው። 600 ሚሊሜትር ሳዘው 598.8 ይቆርጣል፣ 300 ሳዘው 299.4። አዲስ ነው ማሽኑ። ይመለስ ወይ?

መልስ፦ አይመለስም። ሁለት ልኬት መውሰድህ ጎበዝ ያሰኝሃል፣ ምክንያቱም ሁለቱ አንድ ላይ ታሪኩን ይናገራሉ። ርዝመቱ ሲያጥር ስህተቱም በግማሽ ወርዷል። ይሄ በሚሊሜትር ስንት ምት የሚለው ቁጥር ነው። ሁለቱም በእኩል፣ ለምሳሌ 599.8 እና 299.8 ቢሆኑ ኖሮ ቁጥሩን እንዳትነካ እልህ ነበር፤ ያኔ የቢቱ ውፍረት ነው፣ 6 ሚሊሜትር ተብሎ የተሸጠው ሲለካ 6.2 ሆኖ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ በዙር 200 እርምጃ፣ ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 የሚከፍል፣ ፑሊው በዙር 40 ሚሊሜትር የሚስብ ከሆነ 200 ሲባዛ በ16 ሲካፈል ለ40፣ 80 ይመጣል። አሁን 80ን ባዘዝከው አባዛ፣ በተቆረጠው አካፍል፦ 80 ሲባዛ በ600 ሲካፈል ለ598.8፣ 80.16። ጂአርቢኤል ከሆነ ለኤክስ $100 በሚባለው ሴቲንግ፣ ለዋይ $101 በሚባለው ላይ ታስገባዋለህ። የድሮውን ቁጥር መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጻፈው።

ግን ከዚያ በፊት ቺንጋውን አጥብቅ። ላልቶ እያለ ያስተካከልከው ቁጥር ቺንጋው ሲጠብቅ ውሸት ይሆናል። ይህን ከልቤ ነው የምልህ። እኔ አንድ ጊዜ የላላ ፑሊ እያለ ቁጥሩን በመቀየር «አስተካክዬ» ለሁለት ሳምንት ሠራሁ፤ አንድ ቀን ፑሊው ጭራሽ ለቀቀና የሰው ኤምዲኤፍ፣ አራት ሙሉ ሉህ፣ ከፈልኩ። እና ስትለካ በብረት ማስመሪያ ወይም በካሊፐር ይሁን፤ የሜትር ጫፍ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ብቻዋን አንድ ሚሊሜትር ልትዋሽ ትችላለች።

ጥያቄ፦ እኔ ከዚራ የምኖር፣ ከ30 ዓመት በላይ በእጄ የሠራሁ ፋለኛሜ ነኝ። ልጄ ማሽን ገዛ። የሚቆርጠው የቁም ሳጥን በር በሜትር ሲለካ ልክ ነው፣ ስኳድራ ሳስገባ ግን አይገጥምም። ልጄ «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ይለኛል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ጋሼ፣ ድሬ ላይ አንቱ ማለት ብዙም እንደማይለመድ አውቃለሁ፣ ግን ለእርስዎ ልበል። አልተሳሳቱም። ስኳድራዎ ያየውን ኮምፒውተሩ ማየት አይችልም። የበሩ ወርድና ቁመት ልክ ሆኖ ማዕዘኑ ሊጣመም ይችላል፤ ድልድዩ ራሱ ተጣሞ ከቆመ ማሽኑ የሚቆርጠው ሁሉ ይጣመማል።

መለኪያውን እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ያውቁታል፣ ያው 3፣ 4፣ 5 ነው። ልጅዎ አራት ቀዳዳ እንዲበሳ ያድርጉ፤ በድልድዩ ወርድ 1200፣ በቁመት 900 ሚሊሜትር የተራራቁ። ከጥግ እስከ ጥግ ሁለቱም 1500 መምጣት አለባቸው። አንዱ 1502፣ ሌላው 1498 ከመጣ የድልድዩ አንድ ጫፍ ከሌላው ወደ 3 ሚሊሜትር ቀድሟል። የቀደመው የትኛው ነው? ከፊት ጥግ ተነስቶ ረጅሙ መስመር ከኋላ የሚያርፍበት ወገን።

ማሽኑ በዋይ በኩል ሁለት ሞተር ካለው ነገሩ የሚጣመመው አብዛኛውን ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው። ሁለቱ ሞተሮች ሲለቁ እያንዳንዱ የቅርቡ እርምጃ ላይ ይረጋል፣ ሰው ደግሞ ድልድዩን በአንድ እጅ ገፍቶት ያልፋል። ስለዚህ በግራና በቀኝ ማስተካከያ ብሎን ያለው ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ይበየድ። ማሽኑ ከመከፈቱ በፊት ድልድዩ በሁለት እጅ ተስቦ ሁለቱንም ማቆሚያ ይንካ፣ ከዚያ ይብራ። የቀደመውን ወገን ማስተካከል በማቆሚያው ብሎን ነው፤ ግማሽ ዙር፣ እንደገና አራት ቀዳዳ፣ እንደገና ልኬት። ብሎኑን ልጅዎ ያዙር፣ ሜትሩን እርስዎ ይያዙ። ሁለቱ ሰያፎች እኩል ሲመጡ ብሎኑን በሁለተኛ ዳዶ ቆልፉት፤ ዳዶው ላይም የማርከር መስመር አድርጉበት፣ ሲላላ ቶሎ እንዲታይ።